ሮምባውት ቴር ሆርስት ርቀትን በአንድ እንዳሳደጉ

በዘመነ ዲን ሃዮ ብራንድስማ፣ ሕንጻው ዳግመኛ ተለክቶ የመምህራኑ ክፍል በግማሽ በተቆረጠ በማግሥቱ ዓመት፣ የአራተኛው ፎቅ የቡና ማሽን ወተት መስጠት እንቢ ባለበት ወራት፣ ግዛታቸው ከአሳንሰሩ እስከ እሳት ማምለጫው ደረጃ የሆነ፣ ሥዩመ ፋኩልቲ፣ መዋዔ ስሕተት፣ በዝናም ቀን ብስክሌታቸውን ኮሪደር ውስጥ የማቆም መብት የተሰጣቸው ብቸኛው ሰው፣ ሮምባውት ቴር ሆርስት፣ በብራባንት ምድር ስለፈጸሙት ገድል ይህ ዜና ተጻፈ። የሚያነብ ይደነቅ፤ መደነቅ ያቃተውም ቢያንስ አፉን በእጁ ይሸፍን።

አስቀድመን ገድሉ በምን ምድር ላይ እንደተፈጸመ እንናገራለን። መልእክት መንገድ ላይ ይበላሻል። ከሰማይ የሚወርድ ምስልም ሆነ በስልክ የሚሄድ ድምፅ ሁሉም በዜሮና በአንድ ተጽፎ ይጓዛል፤ በጉዞውም አንዱ ዜሮ አንድ ይሆናል፣ አንዱ አንድ ዜሮ ይሆናል፣ እንደ ሰፈር ወሬ ሲነሣ ሌላ ሲደርስ ሌላ ነው። ስለዚህ ጠቢባን ቃላትን አራርቀው ይሠራሉ፤ ጥቂት ቦታ ቢበላሽ እንኳ የተበላሸው ቃል ከጎረቤቱ ይልቅ ለእናቱ ስለሚቀርብ፣ ተቀባዩ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቀዋል፣ ያርመዋልም። እንዲህ የተራራቁ ቃላት ጉባኤ ኮድ ይባላል፤ እጅግ የተቀራረቡት ሁለቱ በስንት ቦታ እንደሚለያዩ የሚናገረው ቁጥር የኮዱ ርቀት ይባላል፤ ርቀቱ በበዛ መጠን የሚታረመው ስሕተት ይበዛል። ከኮዶችም መካከል መስመራዊ የተባሉ አሉ፤ ከእነርሱ ሁለቱን ቃል ብትደምር የሚወለደው ሦስተኛ ከዚያው ቤት አይወጣም። ከዚህም የተነሣ ቤቱን በሙሉ ከአንዲት ረድፍ ማቆም ይቻላል፤ ረድፏን እንደ መቁጠሪያ አንድ አንድ ፍሬ እያዞሩ ሌሎቹን ረድፎች ማውጣት፣ እነርሱንም እየደመሩ ቃሉን ሁሉ ማግኘት ነው። የኮድ ሠሪ ጥበብ ሁሉ እንግዲህ ያቺን አንዲት ረድፍ፣ የት ዜሮ የት አንድ እንደሚቀመጥባት፣ ማግኘት ናት።

የዚህ ሙያ ሊቃውንት በሙሉ የሚሰግዱለት አንድ ሰንጠረዥ አለ። ለእያንዳንዱ የቃል ርዝመትና የቃላት ብዛት፣ የሰው ልጅ እስከዛሬ የደረሰበት ትልቁ ርቀት በየሳጥኑ ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩም አጠገብ የሠሪው ስም ይቆማል። ከሳጥኖቹም በአንዷ፣ ሃያ ስድስት የሚል ቁጥር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ሮምባውት ቴር ሆርስት በጎልማሳነታቸው ማለዳ ያቺን ሳጥን አዩ፣ ወደዱም፤ «ሃያ ሰባት ትሆናለች» ብለው ማሉ። ይህች አንድ ቁጥር ብትጨመር ዓለም ምን ያተርፍ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም። ስልክ ሠሪዎቹ አልጠየቁም፤ ጠፈር የሚያስሱትም አልጠየቁም፤ እነርሱ ሌላ ኮድ ስላላቸው በደስታ ይኖሩ ነበር።

የንጉሡም ጭፍሮች እነዚህ ነበሩ፦ ታይስ፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ ራሱን በመነቅነቅ የታወቀ፣ ያልገባውን ነገር ከገባው በላይ የሚነቀንቅ፤ ቶስ፣ ጸሐፊያቸው፣ ስብሰባ የምትጠራ፣ ኬክ የምታዝ፣ በልቧ ግን ማንንም የማትፈራ፤ በምድር ቤትም ዐሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርሙ፣ ከሁሉም ይልቅ ታማኝ የሆኑ፣ የታዘዙትን ብቻ የሚሠሩ።

ጠላታቸውም በዚያው ፎቅ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ትቀመጥ ነበር። ስሟ ኔሌከ ዱቨኮት፣ ከዜላንድ ባሕር ዳር የመጣች፣ ሃምሳን የዘለለች፣ በሙያውም ከእርሳቸው የማታንስ ሴት ናት። ኔሌከ ረድፍን በቀመር አትፈልግም፤ ኮምፒውተሯ ሳንቲም እየወረወረ ዜሮና አንድ በዘፈቀደ ይደረድራል፣ ይመዝናል፣ ይጥላል፣ እንደገና ይደረድራል፤ ከብዙ ሺህ ገለባም መካከል አልፎ አልፎ ስንዴ ይወጣል። እንዲህ እያለች በሰንጠረዡ ውስጥ ስሟን ከአንድም ሦስት ሳጥን አጠገብ አቁማለች። የሮምባውት ስም ከአንድም አጠገብ አልቆመም።

ስለዚህ ነገር መዋዔ ስሕተት አዘኑ፣ ተቆጡም፤ በክፍሉም ስብሰባ ላይ ቆመው እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ሒሳብ ማለት ምክንያቱን ማወቅ ነው! ምክንያቱን የማያውቅ ያገኘው ነገር የእርሱ አይደለም፤ መንገድ ላይ የወደቀ ጓንት አንሥቶ ባለቤት ነኝ እንደማለት ነው። እኔ በማስተዳድረው ፎቅ ዕጣ መጣል ጥበብ ተብሎ አይጠራም!» ታይስ ራሱን ነቀነቀ። ቶስ ቃለ ጉባኤ ላይ «ውይይት ተደረገ» ብላ ጻፈች።

ምሳም ሲሆን፣ የዚያ አገር ሰው እንደ ልማዱ ዳቦውን ከአይብ ጋር ይዞ፣ አሬራውን በብርጭቆ ቀድቶ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ሲቀመጥ፣ ነገር ሳይወራወሩ የዋሉበት ቀን የለም።

«እህ፣ ኔሌከ፣ ዛሬስ ሎተሪሽ ምን አወጣልሽ?»

«ገና እየተሽከረከረ ነው።»

«ዶሮም እኮ ስትጭር ስትጭር ጥሬ ታገኛለች። ግን ገበሬ ነኝ አትልም።»

«አንተ ደግሞ ገበሬ ነኝ ስትል ስንት ዓመትህ፣ እስካሁን ጥሬ አላሳየኸንም» አለችና ዳቦዋን ገመጠች።

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ፤ አሬራቸውን ግን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ወእምዝ በዚያው ዓመት ዲኑ ሃዮ ብራንድስማ፣ ክፉ ነገርን ሁሉ በፈገግታ የሚናገር ሰው፣ ፋኩልቲው እንደሚጠብ፣ ኮድ ከሚሠሩት ከሁለቱ ሹመቶችም አንዱ እንደሚዘጋ ተናገረ። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ነገር «እንደገና መደራጀት» ይሉታል፤ የተደራጀ ግን አልታየም፣ የተባረረ ብቻ ነው የሚታየው። ከሁለቱ የትኛው ይዘጋ የሚለውን አስተያየት እንዲጽፍ የታዘዘውም የክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ የክፍሉም ኃላፊ ሮምባውት ቴር ሆርስት ነበሩ። ይህን ፍትሕ ያልመሰለው አንባቢ በሕንጻው ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ኔሌከም ነገሩን ሰማች፤ በዚያ ዕድሜ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደማይቀጥራት ታውቃለች፤ ሆኖም ለማንም አቤት አላለችም፣ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን መክፈቷንም አልተወችም።

ሮምባውት ግን ወደ ገድላቸው ዘመቱ። ቁጥርን በራሱ እያባዙ፣ አካፍለው የሚተርፈውን ቀሪ እየመረመሩ፣ ቀሪው በሚወድቅበት ቦታ አንድ፣ በማይወድቅበት ዜሮ እያኖሩ፣ እጅግ ያማረች ረድፍ ሠሩ፤ ከጎኗም ርቀቷ ከሃያ ሰባት እንደማያንስ የሚያስረዳ ረጅም ማረጋገጫ ጻፉ። ከዚያም ታይስን ሳያምኑ፣ ለቶስ ሳይሰጡ፣ እጀታቸውን ሰብስበው ረድፏን በገዛ እጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ መቱ፤ ዐሥራ ስድስቱም ማሽኖች መቁጠር ጀመሩ። የበጋው ዕረፍት አለፈ፤ ሰው ከፈረንሳይ ድንኳኑን ጭኖ ተመለሰ፤ የፕላታን ዛፎቹም ቅጠል ረገፈ፤ ማሽኖቹ ይቆጥራሉ። ዝናም በጎን በሚመታበት አንድ ማክሰኞ፣ ቆጥረው ጨረሱ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ታየ፦ ሃያ ሰባት።

ሮምባውት ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበር ታይስ አይቷል፤ ያየውን ግን አልተናገረም፣ ነቀነቀ እንጂ። ወዲያውም ለፋኩልቲው በሙሉ፣ ለጥበቃዎቹና ለቤተ መጻሕፍቱ ሳይቀር፣ በኢሜይል እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦

«ያልሰማችሁ ስሙ፣ የሰማችሁ ላልሰማው አሰሙ! ሃያ ስድስት ወድቋል፤ ሃያ ሰባት ቆሟል። የቆመውም በአጋጣሚ ሳይሆን በማረጋገጫ ነው፤ ማረጋገጫውም የእኔ ነው። በዐሥር ሰዓት በአራተኛው ፎቅ ቭላይ ይኖራል።»

ቭላይ ማለት የብራባንት ሰው የምሥራች ሲኖረው ለባልደረቦቹ የሚያበላው፣ ፍራፍሬ የሞላበት ሰፊ ዳቦ ነው፤ ባለ ደስታው ራሱ ይጋብዛል፣ ምቀኞቹ ይበላሉ። ኔሌከ መጣች፤ እንደ አገሩ ወግ ሦስት ጊዜ ጉንጫቸውን ሳመች፤ «እንኳን ደስ አለህ» አለች፤ የአፕሪኮቱን ቁራሽ በላች። የሌላ ሰው ድል በምላስ ላይ ምን ያህል እንደሚመር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እርሷ ግን ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች።

ከዚህ በኋላ ነገር ሁሉ ለሮምባውት ተቃና። ረድፏን ለሰንጠረዡ ጠባቂዎች ላኩ፤ ስማቸው በሳጥኑ አጠገብ ቆመ። ጽሑፋቸው ታተመ። ዲኑም «ሙሉ ፕሮፌሰር» ብሎ ሾማቸው። ስለ ኔሌከ ሹመት የተጠየቁትንም አስተያየት አንዴ ቁጭ ብለው ጨርሰው ላኩ፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ «በዘፈቀደ መፈለግ ፍሬ አልባ መሆኑ በእኔ ውጤት ተረጋግጧል። ይዘጋ።» ፈረሙበት፤ ከፊርማቸውም ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩ። ዲኑም «ከሹመት ንግግርህ በማግሥቱ ከኔሌከ ጋር ሦስታችን ተቀምጠን እንቋጨዋለን» አለ።

የሹመቱ ቀን በጸደይ ደረሰ። በዚያ አገር አዲስ ፕሮፌሰር ጥቁር ካባ ለብሶ፣ የከፋይ ቆብ ደፍቶ፣ በትረ ያዥ በፊቱ እየሄደ በሕዝብ መካከል ገብቶ ይናገራል። ሮምባውት ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል ካባቸውን እያስተካከሉ ሳለ በሩ ተንኳኳና ኔሌከ ገባች። ኮቷ ርጥብ ነበር፤ ብስክሌቷን በፍጥነት ነድታ ነበርና ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ሮምባውት፣ አንዴ ላናግርህ።»

«አሁን? ካባዬን እያየሽ?»

«ስለ ረድፉ ነው።»

«ነገ።»

«ዛሬ ብትሰማው ይሻልሃል። ኮዱ ልክ ነው። ሃያ ሰባት ነው፣ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ከቭላዩ ቀን ጀምሮ ልጥልህ ስታገል ነበር፣ አልዋሽህም፤ አልወድቅ አለ።»

«ታዲያ ምን ልትዪኝ ነው?»

«ጽሑፍህ ላይ ያለው ረድፍ ሌላ ነው። እሱን ደግሞ ዛሬ ሞከርኩት፤ ምሳዬን ሳልጨርስ አንድ የሚለው ሃያ አራት ቦታ ብቻ ያለበት፣ የቀረው ሁሉ ዜሮ የሆነ ቃል አወጣልኝ። መስመራዊ ኮድ ውስጥ ዜሮ ብቻ የሆነው ቃል ሁልጊዜ ስላለ፣ አንድ እንደዚህ ያለ ቃል ከተገኘ አለቀ፣ ርቀቱ ከሃያ አራት አይበልጥም። ይሄን ለአንተ አልነግርህም።»

«የማተሚያ ቤቱ ግድፈት ነው!» አሉ ሮምባውት።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ግን ከቀመርህ የሚወጣው እኮ የታተመው ነው። ቁጭ ብዬ በእጄ አወጣሁት። የተለየው ለሰንጠረዡ የላክኸው ነው፣ ማሽኖቹ የቆጠሩት። ዐሥራ አንደኛው ቦታ። ቀመርህ ዜሮ ይላል፤ አንተ አንድ መትተሃል።»

ከግድግዳው በስተጀርባ ሕዝቡ ወንበር ሲጎትት ይሰማ ነበር።

«ጣትህ ናት የሳተችው» አለች ኔሌከ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስታ ነው ያገኘችው።»

«ማረጋገጫው…»

«ማረጋገጫው ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ። አሳይሃለሁ፣ ዛሬ ግን አይደለም። ነገ ዲኑ ጋ እንገባለን። አንተ ተናገር። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ። አሁን ሂድ፤ ሰው እየጠበቀህ ነው። ቆብህ ደግሞ ተጣሟል።»

በትረ ያዡ በሩን ከፈተ፤ በትሩንም መሬት ላይ መታ።

ወሶበ ገቡ ሮምባውት ወደ አዳራሹ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። ፕሮፌሰሮች በካባ ተሰልፈው ነበር፤ ዲኑ ነበር፤ ታይስ ነበር፣ ከወዲሁ እየነቀነቀ፤ እናታቸውም ከትዌንቴ እርሻ ድረስ መጥተው፣ በፊት ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠው ነበር። የንግግሩ ርእስ «በሒሳብ ዕጣ የለም» የሚል ነበር። ሮምባውት ከመድረኩ ቆመው ጽሑፉን አዩት፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ውሸት ሆኖ ታያቸው፤ ከካባውም ሥር በአንድ እጃቸው ያቺን የሳተች ጣት ቆነጠጧት። ካባ ለዚህም ይጠቅማል። ሊናገሩ የሚችሉት ሌላ ነገር ግን በእጃቸው አልነበረም፤ ስለዚህ የተጻፈውን አነበቡ። «ዕውር ፈላጊ ያገኘውን አያውቀውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሕዝቡም ከስሜት የተነሣ መስሎት አጨበጨበ፤ እናታቸው መሐረብ አወጡ። በመጨረሻም፣ እንደ ሥርዓቱ፣ «ተናግሬያለሁ» ብለው ዘጉ። ከዚህ ቃል ይልቅ እውነት የሆነ ነገር በዚያ ከሰዓት በኋላ አልተናገሩም።

ከዚያም በግብዣው አዳራሽ እጃቸውን ለመጨበጥ የቆመው ሰልፍ እስከ ደረጃው ደረሰ። ትኩሱ የሥጋ ኳስ በትሪ ይዞራል፣ አፍ ያቃጥላል፤ ወይኑ ይቀዳል። ሮምባውት እጅ ይጨብጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ የጨበጧቸውን ሰዎች ግን አንዱንም አላዩም። የኔሌከ ተራ ደረሰ። እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፦

«እንኳን ዕጣው ወጣልህ» አለቻቸው፤ አልፋም ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱ በዲኑ ክፍል ተቀመጡ። ሃዮ ብራንድስማ ፈገግ አለ፤ ይህ መልካም ምልክት አልነበረም።

«እንግዲህ ኔሌከ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ለዚያ ነው አንቺም ትስሚ ብዬ የጠራሁሽ። የሮምባውትን አስተያየት አንብቤዋለሁ። በዘፈቀደ መፈለግ ፍሬ የለውም ነው የሚለው። ልክ ነኝ፣ ሮምባውት?»

ኔሌከ አፏን ልትከፍት ትንፋሿን ሳበች፤ ሮምባውትም ያን ትንፋሽ ሰሙ። በዚያች ቅጽበት በአእምሯቸው የተካሄደው ስሌት በሕይወታቸው ካደረጉት ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ቀመሬን ልያዝ ብል ኮዴ ሃያ አራት ይሆናል፤ ስሜ ከሳጥኑ ይፋቃል፤ የበላነው ቭላይ በከንቱ ተበላ፤ ካባውም። ሃያ ሰባቱን ልያዝ ብል ግን ያገኘሁት በስሕተት ነው፣ ስሕተትም ዕጣ ነው፣ ዕጣም የእርሷ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ሰው ከእምነቱና ከስሙ አንዱን ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

«ያ አስተያየት ረቂቅ ነው» አሉ ሮምባውት።

«እንዴት ረቂቅ? ፈርመህበታል እኮ!»

«ፊርማውም ረቂቅ ነው።»

ዲኑ ኔሌከን አያት። ኔሌከ ጣሪያውን አየች።

«ነገሩን ላስረዳህ» አሉ ሮምባውት፤ እየተናገሩም ሳሉ ራሳቸው ማመን ጀመሩ። «ቀመሩ አንድ ቦታ ድረስ ይወስድሃል። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው እጁን መልቀቅ አለበት። እኔ ዐሥራ አንደኛው ቦታ ላይ… እጄን ለቀቅሁት።»

«ለቀቅኸው?» አለች ኔሌከ።

«ለቀቅሁት።»

«አልገባኝም» አለ ዲኑ። «እንግዲያው ያን ኮድ በዕጣ ነው ያገኘኸው?»

«ዕጣ አትበለው፣ ሃዮ። ነጻ እጅ ነው የሚባለው።»

«ነጻ እጅና ዕጣ ልዩነታቸው ምንድነው?»

«ፕሮፌሰር ሲጥለው ነጻ እጅ ይባላል» አለች ኔሌከ።

ዲኑ ግንባሩን አሸት አደረገ። «ቆይ ቆይ። እንደሱ ከሆነ የኔሌከን ቦታ እንዴት አድርገን ነው የምንዘጋው?»

«መዝጋት?» አሉ ሮምባውት፤ ከወንበራቸውም ብድግ አሉ፤ ድምፃቸውም እስከ ቶስ ጠረጴዛ ተሰማ። «ይህ ክፍል የቆመበትን ዘዴ? እኔ የጀመርኩትን? በእኔ ዘመን አይዘጋም!»

እንዲህም ሆኖ ኔሌከ ዱቨኮት ዳነች፤ የዳነችውም በፍትሕ አይደለም፣ በጸጸትም አይደለም፣ ክብሩን ላለማጣት ወገኑን በቀየረ ሰው እንጂ።

ኮሪደር ላይ ሲወጡ ኔሌከ ቆመች።

«አሁን ላመስግንህ ወይስ ልምታህ?»

«ለመሥራች ምስጋና ይበቃዋል።»

«መሥራች! እንግዲያው እኔ ደቀ መዝሙርህ ሆኜ ነው ለካ ሃያ ዓመት ዕጣ ስጥል የኖርኩት!»

«ከፈለግሽ።»

ሳቀች፤ ግድግዳውን ይዛ እስክትቆም ድረስ ሳቀች፤ ወደ ክፍሏም ገብታ በሯን ዘጋች። በሩ መስተዋት ነበርና ሮምባውት ሲያልፉ አዩአት። ሳቁ አልቆ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር፣ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ያህል ፈርታ እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አላወቁም ነበር፤ ለማወቅም አልደከሙም ነበር። እጃቸው ወደ በሩ እጀታ ሄደ። ግን ቢገቡ «ይቅርታ» ማለት ይኖርባቸዋል፤ ይህም ቃል ለአንድ መሥራች አይመጥንም። ስለዚህ አለፉ።

በዚያው ሳምንትም አዋጅ ወጣ፦ «ከእንግዲህ በአራተኛው ፎቅ ነጻ እጅ ይከበራል! ነጻ እጅን የናቀ እኔን ናቀ!» ታይስ ነቀነቀ። ባለፈው ዓመትም በዚህ ወር በተቃራኒው አዋጅ ላይ ነቅንቆ ነበር፤ አንገቱ ግን አልተጎዳም።

ኔሌከም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያቺን በስሕተት የተወለደችውን ረድፍ ወሰደች፤ ለኮምፒውተሯ «ከዚህ ተነሥ፣ በአካባቢዋ ፈልግ» አለችው፤ ኮምፒውተሩም እዚህ አንድ እዚያ ሁለት ቦታ በዘፈቀደ እየገለበጠ፣ እየመዘነ፣ እየጣለ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት የቱሊፑ አበባ ገና ሳይረግፍ ሃያ ስምንት አወጣ። በሰንጠረዡ ሳጥን ውስጥ የሮምባውት ስም ተፍቆ የኔሌከ ስም ቆመ። ቭላዩን በዚህ ጊዜ እርሷ ጋበዘች፤ የቼሪ ነበር። ሮምባውትም መጡ፤ ሦስት ጊዜ ሳሙአት፤ በጉባኤው ፊትም «የእኔ ዘዴ ፍሬ ማፍራቱ እጅግ ደስ ያሰኘኛል» አሉ። ቶስ ሳል እንደያዘው ሰው ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ ወዲህ መዋዔ ስሕተት በየማለዳው ክፍላቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ከቀመራቸው አዲስ ረድፍ ያወጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አቅልለው፣ ጣታቸው እንደዚያ ቀን ትስታለች ብለው በፍጥነት ይመታሉ። ሆን ብሎ መሳሳት ማጭበርበር ነውና አያደርጉትም፤ ጣቲቱ ራሷ እንድትስት ይጠብቃሉ። ሲጨርሱም ከቀመሩ ጋር ያስተያያሉ። ሁልጊዜ ልክ ነው። አንድ ዜሮ አልተዛነፈም፣ አንድ አንድ አልተሳተም፤ ማሽኖቹም ይቆጥሩና ሃያ አራት ይላሉ።

እንግዲህ ምድር ታድምጥ፣ አራተኛውም ፎቅ ይመስክር! ከሮምባውት ቴር ሆርስት በፊት ሊቃውንት ነበሩ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ይነሣሉ፤ ነገር ግን ሳያውቁ ያገኙትን በማወቅ ያጡ፣ ያጡትንም ጀመርኩት ብለው ያወጁ፣ ጠላታቸውን ሳያስቡት አድነው ምስጋናዋን የጠየቁ፣ በዘመናቸው ሁሉ ጣታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ስታ በዚያች አንዲት ስሕተት ብቻ የከበሩ፣ ይህን የመሰሉ ሰው በብራባንት ምድር አልታዩም፤ ክብር ለእርሳቸው ይሁን፣ ለጣታቸውም ይበልጥ፣ አሜን።